ፋዝሉር ኻን ለአርክቴክቸር ተማሪዎች ምን ያስተምር ነበር?

ሦስተኛ ዓመት ሳለን ነው። ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥተን ከካርቶንና ከቀጫጭን እንጨት የሠራነውን ባለ አሥራ ምናምን ፎቅ ሞዴል ጠረጴዛ ላይ አቁመን ጁሪ (ሥራችንን የሚገመግሙ መምህራን) እንጠብቃለን። አርክቴክቶቹ መምህራን ስለ መግቢያው፣ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ፊት ለፊት ገጽታው ጠየቁን፤ እንደምንም መለስን። የስትራክቸር (ሕንፃውን አቁሞ የሚይዘው አጽም) መምህራችን ተነሣና ምንም ሳይናገር የሞዴሉን አናት በሌባ ጣቱ ከጎን ገፋ አደረገው። ዘመመ። ጣቱን ሲያነሣም አልተመለሰም። «ከላይ ወደ ታች የሚመጣውን አስባችኋል፤ ከጎን የሚመጣውንስ?» ብሎ ሄዶ ተቀመጠ። ያገኘነውን ውጤት እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

ለእኛ ለአርክቴክቸር ተማሪዎች ስትራክቸር «ለማለፍ ብቻ» የሚወሰድ ኮርስ ነበር። ቀመሩን ሸምድደን፣ ካልኩሌተር ተዋውሰን፣ ፈተናው ሲያልቅ ሁሉንም እዚያው ጥለን ወደ ስቱዲዮ እንሮጣለን። ሥራ ዓለም ውስጥም ልማዱ ይቀጥላል። አርክቴክቱ ቅርጹን ጨርሶ «ስትራክቸር ይሠራለት» ብሎ ይልከዋል፤ ኢንጂነሩ ሳሎኑ መሀል ኮለን (ምሰሶ) ተክሎ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ጭቅጭቅ ነው። ታዲያ አንድ ስትራክቸራል ኢንጂነር ዕድሜውን አርክቴክቶችን ሲያስተምር ቢኖር ምን ያተርፋል? እነሱስ? ለዚህ ጥያቄ ከማንም በላይ ፋዝሉር ራህማን ኻን የተባለው ሰው የሥራ ዘመን መልስ ይሰጣል።

ኻን በ1929 ዳካ ተወለደ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዛሬ የባንግላዲሽ ዋና ከተማ የሆነችው ዳካ ያኔ እንግሊዝ በሚገዛው ሕንድ ውስጥ ነበረች። አባቱ የሒሳብ መምህር ነበሩ። በ1952 ስኮላርሺፕ አግኝቶ አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ገባና በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ማስተርስና አንድ ዶክትሬት ይዞ ወጣ። በ1955 ቺካጎ ውስጥ ስኪድሞር ኦዊንግስ ኤንድ ሜሪል፣ ባጭሩ ኤስኦኤም በሚባለው ትልቅ ድርጅት ተቀጠረ። ቀጥሎ አገሩ ተመልሶ ካራቺ ቢሠራም እዚያ የጠበቀው በአመዛኙ የአስተዳደር ሥራ ስለነበር በ1960 ወደ ቺካጎ ተመለሰ። ተምሮ አገሩ ገብቶ ፊርማና ስብሰባ የተቀበለው ሰው ይህችን የሕይወቱን ምዕራፍ ያለ ማብራሪያ ይረዳታል።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ ኻን ሁለት ሥራ ነበረው። በኤስኦኤም ኢንጂነር፣ ከዚያም ባለድርሻ ሆነ፤ ከዚሁ ጎን ደግሞ በኢሊኖይ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ በትርፍ ሰዓት ያስተምር ነበር። ልብ በሉ፤ ያስተማረው በሲቪል ኢንጂነሪንግ ሳይሆን በአርክቴክቸር ክፍል ነው። ኤስኦኤም ውስጥ አርክቴክቱና ኢንጂነሩ አንድ ጣሪያ ሥር ይሠሩ ስለነበር የአርክቴክትን ቋንቋ ከቢሮው ለምዶት ነበር።

አሁን ወደ ትምህርቱ። ስትራክቸር ማለት፣ ቀመሩን ካነሣንለት፣ አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሸክም በየት በየት አድርጎ መሬት ይደርሳል? እናንተ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆማችኋል። ክብደታችሁን ሶሌታው (የፎቁ ወለል) ይቀበላል፣ ሶሌታው ለቢሙ (ለአግዳሚው ተሸካሚ) ያቀብላል፣ ቢሙ ለኮለኑ፣ ኮለኑ ለመሠረቱ፣ መሠረቱ ለአፈሩ። አንዱ ካልተቀበለ ቅብብሉ ይቋረጣል። ይህ የቁልቁሉ ጉዞ ነው፤ ለማሰብ አይከብድም። አንድ ፎቅ ስትጨምሩ የዚያን ፎቅ ያህል ክብደት ይጨመራል፣ ኮለኑም በዚያው ልክ ይወፍራል።

የጎኑ ነገር ግን ሌላ ፀባይ አለው። ነፋስ ሕንፃውን ሲገፋው ሕንፃው ከመሬት እንደተተከለ ረጅም እንጨት ይሆናል። የሕንፃውን ስፋት ሳትነኩ ቁመቱን እጥፍ ብታደርጉት፣ ነፋሱ ያው ቢሆን እንኳ፣ ሊገለብጠው የሚታገለው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። አናቱ ላይ የሚታየው መወዛወዝ ደግሞ አሥራ ስድስት እጥፍ። አሥራ ስድስት! የእኛ የካርቶን ሞዴል የወደቀባት ፈተና ይህች ናት። (መሬት መንቀጥቀጥም ከጎን ይመጣል፤ በእኛ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. የአዋሽና የፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የነበረን ሰው ሳይቀር ያስነሣው ለዚህ ነው። ሕጉ ግን ከነፋስ ይለያል፤ ለመንቀጥቀጥ ሕንፃው በከበደ ቁጥር የሚደርስበት ግፊት ይብሳል። ያ ለሌላ ቀን ይቆየን።)

ስለዚህ ረጅም ሕንፃ ውስጥ ብረቱ ሁለት ሥራ አለው፤ ክብደት ለመሸከምና ነፋስ ለመቋቋም። ኻን ሁለተኛውን የከፍታ ቅጣት አድርጎ ያየው ነበር። ከፍ ባላችሁ ቁጥር ቅጣቱ ያድጋል፤ ዘዴ ካላበጃችሁ ገንዘቡን ሁሉ ይበላዋል። በ1931 የተመረቀው የኒውዮርኩ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ በእያንዳንዱ የወለል ካሬ ሜትር 206 ኪሎ ገደማ ብረት ወስዷል። ሕንፃው የቆመው በውስጥም በውጭም በተሰደሩ ኮለኖችና ቢሞች ፍርግርግ ነው። ይህ አሠራር ለ20 እና ለ30 ፎቅ ጥሩ ሲሆን ለ100 ፎቅ ግን ቅጣቱን ሙሉ በሙሉ መክፈል ነው።

ዘዴው ምንድን ነው? አንበሳ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ እግሩን የገጠመ ሰው የጎረቤቱ ጭን ላይ ያርፋል፤ እግሩን ያንፈራጠጠ ባለበት ይቆማል። የሁለቱም ጡንቻ ያው ነው። ልዩነቱ ኃይሉን የት እንዳስቀመጡት ነው። ሌላም ምሳሌ አለ፤ ቀርከሃ። ውስጡ ባዶ ሆኖ ሳለ ስንት ሜትር ወጥቶ ነፋስ ያሳልፋል። እንጨቱን ሁሉ ዳር ላይ አውጥቶ አስቀምጦታልና።

ኻን ያደረገው ይህንኑ ነው። ኮለኖቹን ከውስጥ አውጥቶ በሕንፃው ዙሪያ ደረደራቸው፤ በጠንካራ ቢሞች አስተሳሰራቸው፤ ሕንፃው በሙሉ አንድ ትልቅ ቱቦ ሆነ። በቺካጎ ያለው የዴዊት ቼስትነት አፓርትመንት፣ 43 ፎቅ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ በኮንክሪት የተሠራው፣ የዚህ ሐሳብ የመጀመሪያ ልጅ ነው። የውጭ ኮለኖቹ ከአንዱ መሀል እስከ ሌላው መሀል 1.7 ሜትር ገደማ ብቻ ይራራቃሉ።

አንድ ነገር እዚሁ ሞክሩ። ወረቀት ወስዳችሁ በጠርዙ ለማቆም ብትሞክሩ አይቆምም። ጠቅልላችሁ በፕላስተር ያዙት፤ አሁን ቆሞ መጽሐፍ ይሸከማል። ከዚያ ጥቅሉን ከላይ እስከ ታች በመቀስ ሰንጥቁትና ጠምዘዝ አድርጉት። ጉልበቱ ወዴት ሄደ? ቱቦ ቱቦ የሚሆነው ዙሪያው ሳይቋረጥ ሲገጥም ነው።

እዚህ ላይ ነው አርክቴክቱ ጆሮው የሚቆመው፤ መቆምም አለበት። 1.7 ሜትር ማለት የመስኮት ጉዳይ ነው። ኢንጂነሩ «ዙሪያውን ኮለን እደረድራለሁ» ሲል የሕንፃውን ፊት መሳሉ ነው። ሳሎኑ ምን ያህል ሰማይ እንደሚያይ፣ መሬት ላይ ደጁ በየት እንደሚከፈት፣ ወለሉ ውስጥ ግድግዳ እንደልብ መንቀሳቀስ መቻሉን ሁሉ ያቺ አንዲት ውሳኔ ትይዛለች። ይህን አርክቴክቱ ሥዕሉን ከጨረሰ በኋላ ከሰማ ጠብ ይሆናል። እርሳስ ከማንሣቱ በፊት ከሰማው ዲዛይን ነው። ኻን ክፍል ገብቶ ያስተማረው ነገር ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። እሱ ራሱ ዲዛይን ሲያስብ ራሱን በሕንፃው ቦታ እንደሚያስቀምጥ፣ እያንዳንዱ ክፍል የሚደርስበትን ጫናና መጠማዘዝ በአእምሮው እንደሚያይ ተናግሯል። ይህን በፈተና መለካት ይከብዳል፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ብዙ ትምህርት ቤት ቀመሩን የሚመርጠው።

የሚያስተምርበት የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ራሱ ትምህርት ነበር። ክራውን ሆል ይባላል፤ አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮኸ የሠራውና በ1956 የተከፈተ የብረትና የመስታወት አዳራሽ ነው። 67 በ36 ሜትር የሚሆነው ወለል ላይ አንድም ኮለን የለም። ጣሪያው ከላዩ በተጋደሙ አራት ግዙፍ የብረት ቢሞች ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቢሞቹ ከውጭ ስለሆኑ ተማሪ ገና ከደጅ ያያቸዋል። የሸክሙን መንገድ በሩ ላይ ጽፎ እንደመለጠፍ ነው።

ኻን እዚያ አብሮት ያስተምር ከነበረው ማይሮን ጎልድስሚዝ ጋር የማስተርስ ተማሪዎችን ያማክር ነበር። ጎልድስሚዝ አርክቴክትም ኢንጂነርም ነው፤ የሥራ ባልደረባውም ነበር። የማስተርስ ሥራው አንድ ሕንፃ ላይ ለወራት መቀመጥ ነው፤ ሞዴል መሥራት፣ ማስላት፣ ማፍረስ፣ እንደገና መሥራት። ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ቢሮ ውስጥ ደንበኛ አለ፣ ቀነ ገደብ አለ፣ ባለሀብቱ ያልተሞከረ ነገር ሲሰማ ፊቱ ይለዋወጣል። ተማሪ ግን ጊዜ አለው፤ የሚያጣውም ገንዘብ የለም። «ሰያፍ ብረት ሕንፃውን በሙሉ ቢያቋርጠውስ?» ብሎ ዓመቱን ሙሉ መከተል የሚችለው እሱ ነው።

አንድ ከጃፓን የመጣ ተማሪ ይህንኑ አደረገ። በ1964 ያቀረበው የማስተርስ ሥራ በውጭ ገጽታው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ በትልልቅ ሰያፎች የታሰረ ረጅም የቢሮ ሕንፃ ነበር። ሰያፎቹ ቱቦውን እንደ መቀነት ስለሚያስሩት ኮለኖቹን እንደ ዴዊት ቼስትነት ማጠጋጋት አያስፈልግም፤ መስኮቱ ይሰፋል። ብዙም ሳይቆይ ኻንና አርክቴክቱ ብሩስ ግራሃም የቺካጎውን የጆን ሃንኮክ ሕንፃ ዲዛይን ሲጀምሩ ያ ሐሳብ ከክፍል ወደ ቢሮ ተሻገረ።

ሃንኮክን በፎቶ ያላየ ጥቂት ነው፤ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ጥቁር ሕንፃ ነው፣ ጎኖቹ ላይ ግዙፍ የኤክስ ምልክቶች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ኤክስ 18 ፎቅ ያህል ይሸፍናል። ሥራው በ1960ዎቹ መጨረሻ ተጠናቀቀ፤ 100 ፎቅ፣ 344 ሜትር። ብረቱስ? በካሬ ሜትር 145 ኪሎ ገደማ፤ በቁመት ተቀራራቢው ኢምፓየር ስቴት 206 እንደነበር አስታውሱ። ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ አልተሰረዘም፣ ግን በጣም ተቀነሰ። ኤክሶቹን ጌጥ የሚመስሏቸው ሰዎች አሉ። ጌጥም ናቸው፤ ሥራ እየሠሩ።

ብረት ሲቀንስ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ሕንፃው አይወድቅም፣ እሺ። ላይ የሚኖረው ሰውስ ሲወዛወዝ ይታወቀዋል? ሃንኮክ ላይኛው ክፍሉ መኖሪያ ነው፤ ሰው ተኝቶ የሚያድርበት። ለዚህ ጥያቄ ያኔ ከመጽሐፍ የሚገለበጥ መልስ አልነበረም። ኻን መልሱን ያገኘው ቺካጎ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ኩባንያ ያቆመው ኤግዚቢሽን ላይ ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ መድረክ ነበር። ሰዎችን እዚያ ላይ አቆመ፣ አስቀመጠ፣ አስተኛና ከየትኛው እንቅስቃሴ ጀምሮ እንደሚሰማቸው መዘገበ። ለሚሊዮኖች ዶላር ሕንፃ የማጠቢያ ማሽን ማስተዋወቂያ! መምህርነት የለመደ ሰው እንዲህ ነው፤ ያለውን ዕቃ አንሥቶ ማሳያ ያደርገዋል።

ቀጥሎ እዚያው ቺካጎ ሲርስ ታወር መጣ፤ በ1974 የተጠናቀቀ፣ 442 ሜትር፣ እስከ 1998 ድረስ የዓለም ረጅሙ። እዚህ ላይ ቱቦው ራሱ ችግር አሳየ። ሰፊ ቱቦ ሲገፋ ጥግ ያሉት ኮለኖች ይለፋሉ፣ መሀል ያሉት ግን ሥራ ይለግማሉ፤ በጅምላ እንደሚነሣ ድንኳን፣ አንዳንዱ ተሸክሞ አንዳንዱ እጁን ብቻ እንዳሳረፈ። ኻን አንድ ትልቅ ቱቦ ትቶ ዘጠኝ ትንንሽ አደረገ። እያንዳንዳቸው 23 ሜትር በ23 ሜትር ሲሆኑ ግድግዳ እየተጋሩ ሦስት በሦስት ተያያዙ። የውስጥ ግድግዳዎቹ ለጋሚዎቹን ኮለኖች እየጎተቱ ሥራ ያስገቧቸዋል። ከዚያ ሁሉም እኩል መውጣት የለበትም። ሁለቱ 50ኛ ፎቅ ላይ ቆሙ፣ ሁለቱ 66ኛ ላይ፣ ሦስቱ 90ኛ ላይ፣ ሁለቱ ብቻ እስከ ጫፍ ሄዱ። ግራሃም ሐሳቡን ለማስረዳት ሲጋራዎችን በእጁ ጨብጦ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ አድርጎ አሳየ ይባላል። የሕንፃው ደረጃ ደረጃ ቅርጽ የስትራክቸሩ ውጤት ነው፣ ስትራክቸሩ ደግሞ የቅርጹ ፍላጎት። የቱ ማን እንደሆነ መለየት ያቅታል።

ስለ ኻን እያወራሁ አንድ ሌላ ሰው ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል፤ ጉዳዩ ስለሚገጥም። ዊልያም ለመዠር ይባላል፣ እሱም ታዋቂ ስትራክቸራል ኢንጂነር፣ በሃርቫርድ ያስተምር የነበረ። በ1977 ኒውዮርክ ውስጥ የተጠናቀቀው ባለ 59 ፎቁ ሲቲኮርፕ ሕንፃ የእሱ ነው። ቦታው ጥግ ላይ ቤተክርስቲያን ስለነበር ሕንፃው በአራቱ ጥጎቹ ሳይሆን በአራቱ ጎኖቹ መሀል ላይ በተተከሉ ግዙፍ ኮለኖች ቆሟል። በ1978 አንድ ተማሪ ስለ ኮለኖቹ አቀማመጥ ጥያቄ አቀረበ። ለመዠር ኋላ እንደተናገረው ጥያቄው ለክፍል ጥሩ ትምህርት ይሆናል ብሎ በማሰብ ነፋስ በቀጥታ ሳይሆን በሰያፍ፣ ጥጉን መትቶ ሲመጣ ያለውን ስሌት ሠራው። በአንዳንዶቹ ሰያፍ ብረቶች ላይ ጫናው 40 በመቶ ጨምሮ አገኘው። ያ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ነገር ግን በዲዛይኑ በብየዳ ሊያያዙ የነበሩት መገጣጠሚያዎች ወጪ ለመቀነስ በብሎን መታሰራቸውን ካወቀ ሰንብቷል። ሁለቱን ሲደምር ላብ አጠመቀው። ለባለቤቶቹ ተናገረ፣ ለከተማው ተናገረ። በየሌሊቱ ሠራተኛው ከቢሮ ከወጣ በኋላ ብየዳ ሠሪዎች እየገቡ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት መገጣጠሚያዎቹ ላይ በየዱ። ሕዝቡ ነገሩን የሰማው ከ17 ዓመት በኋላ በ1995 ነው። ያን ሁሉ ዝምታ እኔ አልደግፍም፤ ዙሪያው የሚኖረው ሰው የማወቅ መብት ነበረው። ግን ስሌቱ የተሠራው ለክፍል ትምህርት ተብሎ መሆኑን አትርሱ። ደንበኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም።

ወደ ኻን እንመለስ፤ ከመጨረሻዎቹ ትልልቅ ሥራዎቹ አንዱ ለእኛም ሰው ቅርብ ነው። ጂዳ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የሐጅ ተርሚናል በ1981 ተከፈተ። በየዓመቱ ከአዲስ አበባ የሚነሡ ሐጃጆች አርፈውበታል። ይህኛው ብረትና ኮንክሪት የተደረደረበት ሕንፃ አይደለም፤ ድንኳን ነው። 210 የጨርቅ ጉልላቶች፣ እያንዳንዳቸው 45 ሜትር በ45 ሜትር፣ ከመስታወት ክርና ከቴፍሎን የተሠሩ፣ ከብረት ምሰሶ በኬብል የተንጠለጠሉ። ጎኑ ክፍት ነው፤ ጉልላቱ አናት ላይ ባለው ቀዳዳ የሞቀው አየር ይወጣል። ሰማይ ጠቀስ በመሥራት ስም ያወጣ ሰው መጨረሻ ላይ ጨርቅ ዘረጋ። ጥያቄው ግን አልተቀየረም፦ ሸክሙ በየት ይሄዳል? ሃንኮክ ውስጥ ብረቱ ተጨምቆ ይሸከማል፤ እዚህ ጨርቁ ተወጥሮ።

ኻን በመጋቢት 1982 ሳውዲ አረቢያ ሄዶ ሳለ እዚያው ጂዳ ልቡ ቆመ። ገና 52 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ቺካጎ ነው። ሴት ልጁም ስትራክቸራል ኢንጂነር ሆናለች።

ጂዳ ያላችሁ፣ ወይም ለሐጅ የምትሄዱ፣ ሻንጣችሁን ስትጠብቁ ወደ ምሰሶዎቹ ተመልከቱ። ከድንኳኖቹ መሀል ያሉት ነጠላ ናቸው፤ ዳር ዳሩን ያሉት ጥንድ፤ ጥግ ላይ ደግሞ አራት አራት ሆነው ቆመዋል። መሀል ያለውን ምሰሶ ግራኛው ድንኳን ሲስበው ቀኝኛው ይስበዋል፤ ተጣፍተው ይቀራሉ። ዳር ያለው ግን በአንድ ወገኑ ጎረቤት የለውም፣ ማንም መልሶ አይስብለትም። ጥግ ያለው ደግሞ በሁለት ወገን ብቻውን ነው።